አስካለማርያም የምትባል እናት

በእኛ ሰፈር እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሴቱ ሁሉ ደመቀች ቤት ይሰበሰባል። ቤቷ ከሁላችን ቤት የሰፋ ሆኖ አይደለም፤ ቴሌቪዥኗም ከሌላው ቴሌቪዥን የተለየ ሆኖ አይደለም። ዛሬ በደብረ ብርሃን ቴሌቪዥን የሌለው ቤት ማግኘት ጭንቅ ነው። ነገር ግን ለብቻ የሚታይ ነገር አይጥመንም። ልማዱ የቆየ ነው። መጀመሪያ ቴሌቪዥን ወደ ከተማችን በመጣ ዘመን በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ መዝጊያ ባለው ሣጥን ተቆልፎ ነበር የሚቀመጠው። ቁልፉ ሊቀ መንበሩ ኪስ ውስጥ ነው። እኛም ጋቢያችንን ተከናንበን፣ ዱካችንን በብብታችን ይዘን እንሄድ ነበር። ዜና አንባቢው «እንደምን አመሻችሁ» ሲል አዳራሹ በሙሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልስለት ነበር። ሰውየው የሚሰማን ይመስለን ነበር እንጂ ማሾፋችን አልነበረም።

ዛሬ ጣቢያው ስፍር ቁጥር የለውም፤ ምርጫውም እንደየሰዉ ነው። ጎረቤታችን አልማዝ የምትሞተው ወደ አማርኛ ለተመለሰው የቱርክ ተከታታይ ድራማ ነው። ለምን እንደምትወደው ስትጠየቅ አትደብቅም። «ሀብታም ሲያለቅስ የማየው እዚያ ብቻ ነው። እዚህማ የሚያለቅሰው እንደኔ ያለው ነው» ትላለች። የደመቀች ባል በላይ ደግሞ ከኳስና ከዜና ውጭ ያለውን ሁሉ «የሥራ ፈት ጨዋታ» ይለዋል። የእሑድ ዘጠኝ ሰዓቱ ሲመጣ ግን ሁሉም አንድ ይሆናል፤ በላይ እንኳ አንድ የሚጠግነው ዕቃ አያጣም፤ ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጣል።

ይህ የእሑዱ ዝግጅት የተጠፋፉ ቤተ ዘመዶችን የሚያገናኝ ነው። ትክክለኛ ስም አለው፤ እኛ ግን «የእሑዱ እንባ» እንለዋለን። በድርቁ ጊዜ የተለያዩ ወንድማማቾች፣ ከግንባር ያልተመለሰ አባት፣ ለሰው ቤት የተሰጠች እህት፣ ሁሉም በየተራ ይቀርባሉ። ፈላጊው ካሜራው ፊት ቆሞ ስሙን፣ አገሩን፣ የጠፋበትን ሰው ስም ይናገራል። የተገኘ እንደሆነ በሚቀጥለው ወይም በሌላው እሑድ መጋረጃው ይገለጥና ይተቃቀፋሉ፤ እኛም አብረን እንነፋረቃለን። ድራማ ሲያልቅ ተዋናዩ እንባውን ጠርጎ ወደ ቤቱ ይገባል። እዚህ ግን የሚያለቅሰው እውነተኛ ሰው ነው። ከዚያም በላይ፣ ከመካከላችን አንድ ሰው ያልጠፋበት የለም። የሰውን ሲያገናኙለት የራሱ የተገናኘለት ያህል ይቀለዋል።

ደመቀች ይህን ዝግጅት ስታይ ተቀምጣ አታውቅም። የጓዳውን በር ተደግፋ ቆማ ነው የምታየው። ሌሎቻችን የምናለቅሰው ሲገናኙ ነው። እሷ ግን የምታለቅሰው ገና ከመጀመሪያው፣ ፈላጊው ቆሞ የሚፈልገውን ሰው ስም ሲጠራ ነው። ስሙ እንደተጠራ ዓይኗ ይሞላል፤ ትንሽ ቆይቶ ይደርቃል። አሥር ዓመት ሙሉ ይህን አይቼ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ደመቀች የመሪጌታ ፍሥሐ ልጅ ናት። የተወለደችው ከጎረቤላ የሁለት ሰዓት መንገድ ወርዶ፣ በአንኮበር ገደል ሥር ካለ መንደር ነው። አባቷ በዜማ የታወቁ፣ ከዚያ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው ካህን ሁሉ ስማቸውን የሚጠራ ሰው ነበሩ። እሷ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወደ ደብረ ብርሃን ወጥታ፣ ቆይታም ብርድ ልብስ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ገባች። በላይን ያገኘችው እዚያ ነው። በላይ የእነዋሪ ሰው ነው፤ የፋብሪካው መካኒክ ነበር፤ ነገር የማያበዛ፣ የተሰበረ ነገር ሲያይ እጁ የማያርፍ። ከተጋቡ ሃያ አራት ዓመት ሆናቸው። ሁለት ልጆች አሳድገው ሁለቱንም ዩኒቨርሲቲ አስገብተዋል። በዕድር፣ በማኅበር፣ በለቅሶ ቤት ስሟ በክፉ ተነሥቶ አያውቅም። እኔ አርባ ዓመት ሳስተምር ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ እንደሷ ዝም ብሎ የሚሠራ ሰው ግን ጥቂት ነው ያየሁት።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥቅምት ነው። እንደ ልማዳችን ተሰብስበናል። በላይ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ፈታትቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። አንዲት ረዘም ያለች፣ ጠይም፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ወጣት ካሜራው ፊት ቆመች።

«ሮዳስ እባላለሁ» አለች። «ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ያደግሁት በሕፃናት ማሳደጊያ ነው። የምፈልገው እናቴን ነው። ስሟ አስካለማርያም ይባላል። የሰጠችኝ ጊዜ የአንኮበር ልጅ ነኝ ብላ ነበር አሉ። ሌላ የማውቀው የለም።»

«ፎቶ የለሽም?» አለቻት አቅራቢዋ።

«የለኝም። የክርስትና ወረቀቴ ብቻ ነው ያለኝ። በደብረ ብርሃን ነው የተነሣሁት።»

ወረቀቱን ወደ ካሜራው አስጠጉት። «የእናት ስም፣ አስካለማርያም» የሚለው ጎልቶ ይታያል። ከበላዩ ያለውን አንድ መስመር ግን አቅራቢዋ በጣቷ ሸፍናዋለች።

አልማዝ ወደ ጓዳው በር ዞረች። «አንቺ ደሜ፣ ያንቺው አገር ሰው ናት እኮ! አስካለ የምትባል አታውቂም?»

«አገሩ ሰፊ ነው» አለች ደመቀች።

«ምን ዓይነት ሆድ ነው እባካችሁ! ውሻ እንኳ ቡችላዋን አትጥልም። ይኸን ጊዜ እኮ አንዱ ጋ እግሯን ዘርግታ ቴሌቪዥን ታያለች!»

ሴቶቹ ሳቁ። ደመቀችም ሳቀች። ያን ሳቅ አልረሳውም፤ ከከንፈሯ ያላለፈ፣ ጥርስ ብቻ የሆነ ሳቅ ነበር።

«የሰው ነገር አይታወቅም፣ አልማዝ» አለ በላይ፤ ካቻቪቴውን አስቀምጦ ወጣ። ማከፋፈያው እንደተፈታ ቀረ።

በማግስቱ ከቀትር በፊት ደመቀች ወደ ቤቴ መጣች። «እትዬ፣ በሩ ይዘጋ?» አለች። ዘጋሁት። ወንበር ብሰጣት አልቀመጥ አለች።

«አስካለማርያም እኔ ነኝ» አለችኝ።

በአገራችን ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ አባትና እናት ያወጡት፣ ጎረቤት የሚጠራው የዓለም ስም ነው። ሌላው በጥምቀት ጊዜ ካህኑ የሚያወጣው የክርስትና ስም ነው። ይህን የሚያውቁት የንስሐ አባትና የክርስትና እናት፣ ከወላጅም እናት ናቸው። ጎረቤት የሚሰማው በቀብር ቀን ነው። ካህኑ ፍትሐት ሲያደርስ ያንን ስም ሲጠራ፣ «ለካ እንዲህ ነበር የሚባለው!» እንባባላለን። ሃያ ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር እኔም የእሷን ስም አላውቅም ነበር።

ቆማ ነገረችኝ። ጎረቤላ ትምህርት ቤት ሳለች ነው ያረገዘችው። አባትየው ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ አልነገረችኝምም። ሆዷ ሳይታወቅ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሽታ ሰው ቤት ተቀጠረች። አሠሪዋ ደግ ሴት ሆነው እዚያው ወለደች። በሰማንያ ቀኗ ሕፃኗን ክርስትና አስነሣቻት። ወረቀቱን የሚጽፈው ዲያቆን «የእናት ስም?» አላት።

«ደመቀች ፍሥሐ ብዬ ባስጽፍ፣ እትዬ፣ መሪጌታ ፍሥሐን የማያውቅ ካህን የለም። ወሬው ሳምንት ሳይሞላው አባቴ ጆሮ ይገባል። የውሸት ስም እንዳልሰጥ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነኝ፤ ልጄን ታቅፌያለሁ። ስለዚህ አስካለማርያም አልኩ። አልዋሸሁም። እግዚአብሔር በሚያውቀኝ ስም ተናገርሁ። ሰው ግን በዚያ ስም አያውቀኝም።»

ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ሕፃኗን ከነወረቀቷ ለማሳደጊያው ሰጠች። አባቷ ሳያውቁ ዐረፉ። እናቷም እንዲሁ። በላይም አያውቅም።

«ስሜ ይጠራ ይሆናል ብዬ ነው አሥር ዓመት ያየሁት» አለችኝ። «አንድ ቀን ትመጣለች ብዬ። ስትመጣ ደግሞ እዚያ ሴቶቹ መሃል ቆሜ ሳቅሁባት።»

«ደውዪላት» አልኋት።

«በላይስ? ልጆቼስ?»

ያን ጊዜ እንዲህ ብዬ መከርኋት፦ «ቀስ ብለሽ፣ ጊዜ ፈልገሽ መጀመሪያ ለበላይ ንገሪው። ከዚያ ትደውያለሽ።» መካሪ ሽማግሌ የሚለው ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን ይጸጽተኛል። ጊዜ ፈልጊ የተባለ ሰው ጊዜ አያገኝም። ወዲያው ንገሪው ማለት ነበረብኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ደመቀች «ዲሹ ተበላሽቷል» አለች። ባሏ መካኒክ በሆነበት ቤት ዲሽ ተበላሽቶ አይቀርም፤ ግን ማንም አልተከራከራትም። ጉባኤው ወደ አልማዝ ቤት ተዛወረ። ደመቀች አልመጣችም። ስትንቀሳቀስ፣ ቁና ሙሉ እህል ስትለቅም፣ ለቅሶ ቤት ስታስተናግድ አያታለሁ። ዓይኔን ስታይ ዓይኗን ትሰብራለች። በላይም ከወትሮው ይበልጥ ዝም አለ። እኔም ዝምታውን አይቼ የነገረችው መስሎኝ አንድ ቀን ጠየቅኋት። «አልቻልኩም» አለችኝ። «አፌን ስከፍት ወጥ ልጨምርልህ እላለሁ።»

በአራተኛው እሑድ ልጅቷ እንደገና ቀረበች። አልማዝ ቤት ነበርን። ሮዳስ ፊቷ ከበፊቱ ጠቁሯል።

«እናቴ ብታዪኝ አልወቅስሽም» አለች። «ለምን ብዬም አልጠይቅሽም። ከገና በኋላ ለሥራ ወደ ኳታር እሄዳለሁ፤ ቪዛዬ ወጥቷል። መልክሽን ሳላይ መሄድ ነው የከበደኝ።»

«ወይኔ ልጄን!» አለች አልማዝ ደረቷን ይዛ። «እቺን ሰምታ ዝም ካለችማ ሞታ ነው። ሞታ ይሁን እንጂ!»

የዚያን ዕለት ከአልማዝ ቤት በቀጥታ ደመቀች ጋ ሄጄ የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኋት። ሰኞ ጠዋት መጥታ «ስልክዎን ይስጡኝ» አለችኝ። የራሷን ስልክ ፈራችው፤ ቁጥሩ ቤቷን የሚያሳብቅባት መስሏት። ከጣቢያው የተቀበላት ድምፁ ለጋ የሆነ ወጣት ነው። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገን ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«ስምዎን ይንገሩኝ።»

«ደመቀች።»

«የምንፈልገው እኮ አስካለማርያምን ነው፣ እናቴ።»

«የክርስትና ስሜ ነው። እኔ ነኝ።»

ልጁ ተነፈሰ። «አይቀየሙኝና፣ እስካሁን አሥራ አንድ አስካለማርያም ደውለውልናል። አንዷ ከጎንደር፣ አንዷ ከአርሲ። ሁሉም እናቷ ነኝ ነው የሚሉት። ልጅ ጠፍቶባቸው ይሁን፣ ልጅ አምሯቸው ይሁን አናውቅም።»

የሸሸጋት ስም አሁን ደግሞ ከአሥራ አንድ ሴት ኋላ አሰለፋት።

«ወረቀቱ ላይ የሸፈንነው መስመር አለ» አለ ልጁ። «የሕፃኗ የክርስትና ስም ማን ነበር?»

«ማኅደረማርያም።»

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። ቆይቶ፣ «እናቴ... እንዳይዘጉት። እባክዎ እንዳይዘጉት» አለ። ድምፁ ተለውጧል። ሌላ ሰው ሲጠራ፣ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ተመልሶም በደስታ ይናገር ጀመር። መኪና እንልካለን፣ ስቱዲዮ ይመጣሉ፣ መጋረጃው እስኪገለጥ ልጅቷ አታይዎትም፣ እያለ።

«እዚያ ላይ አልቆምም» አለች ደመቀች።

«ተመልካቹ እኮ አንድ ወር ጠበቀ፣ እናቴ። ሕዝቡ ሮዳስን ወዷታል።»

«እኔም ተመልካች ነኝ፣ ልጄ። አሥር ዓመት አይቻለሁ። የሰው እንባ እንዴት እንደሚጥም አውቃለሁ። በእኔና በእሷ ግን አይሆንም። ልጅቷን ጠይቃት። እሷ ካሜራው ይኑር ካለች እመጣለሁ። ካላለች ቤቴን ታውቀው።»

ልጁ እንደሚጠይቃት ቃል ገብቶ ተሰናበተ። መልሱ በማግስቱ መጣ። ሮዳስ ያለ ካሜራ ማየት ነበር የፈለገችው፤ ጣቢያው ላይ የቆመችው ሌላ መንገድ ስላልነበራት ብቻ ነበር። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ማክሰኞ ቀን ደብረ ብርሃን ትመጣለች ተባለ።

አሁን የቀረው በላይ ነው። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ስልክ የደወለች ዕለት፣ ከሥራ ተመልሶ እጁን ሲታጠብ ጠብቃ፣ «በላይ፣ የምነግርህ አለኝ» አለችው።

ፎጣውን ይዞ ዞረ። «አስካለማርያም» አላት።

በሃያ አራት ዓመት ውስጥ በዚያ ስም ጠርቷት አያውቅም።

«ሁለተኛውን ስትወልጂ ደም ሲፈስሽ፣ ቄሱ አባ ገብረመንፈስቅዱስ በጸሎት የማስባት በክርስትና ስሟ ነው ሲሉኝ ከእናትሽ ጠይቄ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ያኔ አንቺ ራስሽን አታውቂም ነበር። ጥቅምት ላይ ያቺ ልጅ ስትናገር ሰምቻለሁ። አራት ሳምንት ጠበቅሁሽ። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልሁ።» ከዚያ ጠየቃት። «ሌላ ማን ያውቃል?»

«እትዬ ብቻ።»

«ጎረቤት ቀደመኝ» አለ። አልጮኸም፤ ዕቃ አልወረወረም። በማግስቱ ማለዳ «የእናቴ ስንዴ ለአጨዳ ደርሷል» ብሎ ፈቃድ ወስዶ ወደ እነዋሪ ሄደ። መቼ እንደሚመለስ አልተናገረም። ደመቀችም መጠየቅ እንደማይገባት አውቃ አልጠየቀችም።

ልጅቷ ልትመጣ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ እሑድ፣ ደመቀች በየቤቱ ዞራ «ዲሹ ተሠርቷል» አለች። ገረመኝ። ሴቶቹ መጡ። የበላይ ቦታ ባዶ ነው። ደመቀች የጓዳውን በር ተደግፋ ቆማለች። ዝግጅቱ ሲጀምር አቅራቢዋ ፈገግ ብላ፣ «ሮዳስ እናቷን አግኝታለች» አለች። አልማዝ እልል አለች። አቅራቢዋ ቀጠለች፦ «በቤተሰቡ ፈቃድ ግን መገናኘታቸውን አናሳይም።»

እልልታው ከአልማዝ አፍ ላይ ቆመ። «ምን አለች? አናሳይም? እንዴ! ሁለት ወር አስለቅሰውን? ይኼማ ድግስ ጠርቶ በሩን መቆለፍ ነው!»

«እናትየዋ አፍራ ይሆናል» አለች አንዷ።

«ትፈር! እንኳንም አፈረች! ሃያ ሰባት ዓመት ስትበላ ስትጠጣ...»

«አልማዝ» አለች ደመቀች።

ከበሩ ለቅቃ መሃል ክፍሉ ውስጥ ገብታ ቆመች። ቴሌቪዥኑን ጋርዳዋለች። ከኋላዋ የዘይት ማስታወቂያ ይዘፍናል። እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላዋለች።

«እናቷ እኔ ነኝ። አስካለማርያም የክርስትና ስሜ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀ ሰው ነበር፤ ቀልድ መስሎት። ከዚያ ያም ቆመ። ማስታወቂያው አልቆ ሌላ ጀመረ። ሁለት ሴቶች እርስ በርስ ሳይተያዩ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ፤ በሩን በቀስታ ዘግተው ወጡ። ደመቀች ዞራ አላየቻቸውም። አልማዝን ብቻ ነው የምታየው። አልማዝ ፊቷ ቀልቷል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ለእሷ የታወቃት ያን ጊዜ መሰለኝ። ሪሞቱን አንሥታ ድምፁን አጠፋችው።

«መቼ ነው የምትመጣው?» አለች በመጨረሻ።

«ማክሰኞ።»

«በላይ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ይመጣል?»

«አልነገረኝም።»

አልማዝ ይቅርታ አላለችም፤ ይቅርታ ማለት የምታውቅ ሴት አይደለችም። ከተቀመጠችበት ተነሥታ የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች።

«እንግዲህ ማክሰኞ ማለት ከነገ ወዲያ ነው» አለች። «ሹሮውንና ምስሩን እኔ አመጣለሁ። ግን ያደገችው ማሳደጊያ አይደል፤ የገና ጾም ትጾማለች ወይስ የፍስክ እናሰናዳላት?»

ደመቀች ልትመልስ አፏን ከፈተች። ስለ ሁለቱ ልጆቿ ቢጠይቋት፣ የትኛው ቃሪያ እንደማይወድ፣ የትኛዋ ሽንኩርት ለቅማ እንደምትጥል ሳታስብ ትናገራለች። አሁን ግን ወደ እኔ አየች፤ እኔም አላውቅም። ወደ ዝምተኛው ቴሌቪዥን ዞረች፤ እዚያ ሌላ ሰው ቆሞ ሌላ ሰው ይፈልጋል።

«አላውቅም» አለች። የበላይ ዱካ ላይ ተቀመጠች። «አላውቅም፣ አልማዝ። ምን እንደምትበላ አላውቅም።»